ቅቤዬን ይዤ ደመና ቆጣሪዋ ልጄ ዘንድ

ወላይታ ደርሼ መጥቻለሁ። ይኼን የምጽፈው ለሰፈሬ ሰዎች ነው፤ መንገድ ላይ እያስቆማችሁ «እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቃችሁ፣ ሁለት ቃል ሳልናገር «እኔስ አልሄድም» እያላችሁ ለምታልፉት። አትሄዱም፣ አውቃለሁ። እኔም አልሄድም ነበር። የደብረ ብርሃን ሰው ሙቀት ሲያምረው በርጩማውን ፀሐይ ላይ ያወጣል እንጂ ምን ቆርጦት ቆላ ይወርዳል? ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ ቢጣመም መንገዱም ጠማማ ነበርና ቻሉት።

የሄድኩት ልጄ ሰላማዊት ልትወልድ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያዋ ነው። ሰላም ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ተምራ፣ እኛም ድንኳን ጥለን ደግሰን፣ በመጨረሻ ምን ሥራ አገኘች? ደመና ማየት። ከወላይታ ሶዶ አልፎ፣ ቤሌ ከምትባል ከተማ ወዲያ ባለች የቆላ መንደር ተቀምጣ በቀን አራት ጊዜ ወደ ሰማይ ታንጋጥጣለች፤ ያየችውን በስልክ ለአለቆቿ ትናገራለች፤ ወሩ ሲያልቅ ደመወዝ ይገባላታል። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜ ልኩን ሰማይ እያየ ሲያርስ አንድም ቀን «ለማየትህ ይኸው» ያለው ሰው አልነበረም።

ስደውልላት «እንዴት ነሽ ልጄ?» እላለሁ። «ደህና ነኝ እማዬ፤ ሰማዩ ከስምንት ሦስት ነው» ትለኛለች። ሰማዩን በልባቸው ስምንት ቦታ ይከፍሉትና ስንቱ በደመና እንደተሸፈነ ይናገራሉ፤ ቋንቋቸው ነው። እኔ የምጠይቃት ስለ ሆዷ፣ እሷ የምትመልስልኝ ስለ ሰማይ። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ተግባባን።

ፈሪ መሆኔን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ምክንያቱን ግን ሁላችሁም አታውቁም። ታላቅ እህቴ በመጀመሪያ ልጇ ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት ሩቅ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲሄዱ መንገድ ላይ ቀረች። እኔ ውሃ ያለበት ቅል ይዤ ከኋላ የምከተል ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ ስነሳ አንድ ነገር ቆርጬ ነው፦ ሰላምን ከዚያ ቆላ አውጥቼ፣ ዱቦ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ወስጄ፣ እዚያ ትወልዳለች። የመንደሩ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ወንድ ነው ብላኛለች። ያውም ጎረምሳ። ይኼን ሰምታ ቤቷ የምትቀመጥ እናት ካለች እጅ ታውጣ።

የመጀመሪያው ቀን አዲስ አበባ ላይ አለቀ፤ ስለ አዲስ አበባ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፣ እኔ የጨመርኩላት ነገር ቢኖር አንድ የጠፋ ነጠላ ነው።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሶዶ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። ጭኔ ላይ የቅቤ ቆርቆሮ፣ እግሬ ሥር የገንፎ ዱቄት። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ «ምንድን ነው የያዙት?» አለኝ። «ቅቤ» አልኩት። «ወዴት?» «ወላይታ።» ሰውዬው ወደ ኋላ ዞረና ለወንበሩ ሁሉ በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ አውቶቡሱ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ለካ አገሩ የቅቤ አገር ነው። ውሃ ወደ በሬሳ ወንዝ ተሸክሜ የምወርድ ሴት ነበርኩ፣ ማንም አልነገረኝም።

ሆሳዕና ከተማ ሳንደርስ ጉም ገጠመን። እኛ አገር ጉም ሲወርድ ሰው በሩን ዘግቶ እሳት ያነዳል። እዚያ ሹፌሩ መዝሙሩን ከፍ ያደርጋል። ፊት ለፊት አህያ ይሁን ገደል የሚለይ የለም፤ እሱ ግን በአንድ እጁ ይነዳል፣ በአንዱ ያጨበጭባል። «ወንድሜ፣ ቀስ በል» ብዬ ጮህኩ። «እማማ፣ አይፍሩ፤ ጌታ ይመራናል» አለኝ። ጌታ መንጃ ፈቃድ እንዳለው አልጠራጠርም፤ መሪውን የያዘው ግን እሱ አልነበረም።

ሶዶ ስንገባ ከተማዋ በአንድ ትልቅ ተራራ እግር ሥር ተዘርግታ አየኋት፤ ዳሞታ ይሉታል። የተቀበለችኝ የአማቼ የማርቆስ አክስት፣ ወይዘሮ ዶርቃ ናት፤ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። በሕይወቷ አይታኝ የማታውቅ ሴት አንገቴን አቅፋ አልለቅም አለች። «ሳሮ፣ ሳሮ! እንኳን ደህና መጣሽ! ቶሎ ቶሎ እንሂድ፣ ዳሞታ ኮፍያ አደረገ» አለችኝ። ቀና ብዬ አየሁ፤ የተራራው ጫፍ ላይ ደመና ተደፍቷል። እሺ፣ ኮፍያ። የእኛ ተራራ ክረምቱን ሙሉ ጋቢ ለብሶ ነው የሚከርመው፣ ማን ሮጦ ያውቃል? አልቸኩልም ብዬ ቆርቆሮዬን አስተካከልኩ። ቤቷ በር ላይ ስንደርስ ከራስ እስከ እግር የታጠበ ሰው ብትፈልጉ እኔ ነበርኩ። ዶርቃ አንዲት ጠብታ አልነካቻትም፤ ቀድማኝ ሮጣ ገብታ ፎጣ ይዛ ቆማ ነበር።

እራት ጥሬ ሥጋ ቀረበ። ፋሲካ አልፏልና ጾም ብዬ የማመልጥበት በር የለም። ከሥጋው ጎን በትንሽ ሳህን አንድ ነገር አለ፤ ዳጣ ይባላል። ከመልኩ የዋህ ነው። ጎመን ጠንቅቄ የማውቅ ሴት ነኝና ጎመን መስሎኝ በጣቴ ሙሉ ዘግኜ ጎረስኩ። ለካ የተፈጨ ቃሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጥቂት ጊዜ በደንብ አላስታውስም። ዶርቃ እርጎ አጠጣችኝ፣ አራገበችኝ፣ እየሳቀችም አለቀሰችልኝ። «አይዞሽ እህቴ፣ ልጅሽም መጀመሪያ የመጣ ጊዜ እንደዚህ ሆነ፤ አሁን ግን ያለ ዳጣ አይበላም» አለች። እሷ ስታወራ ሴቱም ወንዱም አንድ ነው፤ ሰው እንደሆነ ይበቃታል። ሲመሽ ቤተሰቡ ሁሉ ተንበርክኮ ጮክ ብሎ ለሰላም ጸለየ፤ በስሟ፣ በሆዷ፣ በመንገዷ፣ በአዋላጇም ጭምር። እኔ በልቤ አማተብኩ። እግዚአብሔር ሁለታችንንም ሰምቶ ይሆናል፤ ጠዋት ስነሳ ግን የተኛሁበት አልጋ የራሷ እንደሆነና እሷ ወንበር ላይ እንዳደረች አየሁ። ሰው ደግ ሲሆንልኝ ወዲያው የምጠረጥር መሆኔን ታውቃላችሁ። ቦርሳዬን ፈተሽኩ። ምንም አልጎደለም፤ የጎደለውስ የእኔው ምግባር ነበር።

በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ ወደ ቤሌ ወረድኩ። በወረድን ቁጥር አንድ ልብስ አወለቅሁ፤ ቤሌ ስደርስ ከዚህ በላይ የማወልቀው የቀረኝ ቆዳዬ ነበር። ማርቆስ ቆሞ ይጠብቀኛል። አስተማሪ ነው፣ ረጅም ነው፣ ሲያናግረኝ ያጎነብሳል፤ ስህተት ፈልጌበት አላገኘሁም፣ ይኼ ራሱ አንድ ስህተት ነው። የተከራየው ፒክ አፕ ላይ ወጥተን ስንሄድ ከመንደሩ በፊት መንገዱ ወደ አንድ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ገባ።

«ይኼ ወንዙ ነው እማዬ» አለኝ።

«ውሃውስ?»

«ሲኖር ይኖራል።»

የእኛ በሬሳ ቢያንስ ጄሪካን ይሞላል። እዚህ ፍየሎች ወንዙ መሀል ተኝተው ያመሰኳሉ።

«አትናቂው» አለ ማርቆስ። «እዚህ ጠብ ሳይል ይሞላል። ያን ደጋ አየሽው? እዚያ ላይ ሲዘንብ ነው እዚህ የሚደርሰው። ከብትም ሰውም የሚወስደው እዚህ ፀሐይ ወጥታ እያለች ነው።»

ጎረቤት በልቶ እኔ ልጠግብ! የደጋ ሰው የሚያውቀው ዝናብ የሚዘንበው የቆምክበት ላይ ነው። «እሺ ልጄ» አልኩት፤ አማች ነው፣ ይከበራል።

መንደሩ ደረስን። ልጄ ሆዷ እስከ አፍንጫዋ ደርሶ፣ በሽቦ አጥር ውስጥ ቆማ ወደ ሰማይ ታያለች። «ሰላሜ!» ብዬ ጮህኩ። አንድ ጣቷን አነሳችብኝ። አንዴ ቆይ ማለቷ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የተጓዘች እናት፣ ከደመና ቀጥሎ ተራዋን ጠበቀች። ከጨረሰች በኋላ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ሁሉን ይቅር አልኳት።

ከዚህ በኋላ ቀናቱ በሙቀቱ ቀልጠው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ የቱ ከየቱ እንደቀደመ አትጠይቁኝ። የቀለጠውስ ቀን ብቻ አይደለም፣ ቅቤዬም እንጂ። ቤቱ ውስጥ ብሸሽገው ፈሰሰ፣ ከአልጋ ሥር ባስቀምጠው ፈሰሰ። ታዲያ በአጥሩ ውስጥ በእግር የቆመች ነጭ የእንጨት ሳጥን አየሁ፤ የንብ ቀፎ የምታክል፣ ዙሪያዋ እንደ መስኮት መዝጊያ የተሰነጣጠቀ፣ ነፋስ የሚገባባት ፀሐይ የማይገባባት። ከፍቼ እጄን አስገባሁ፤ በመንደሩ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ውስጧ ቀጫጭን የብርጭቆ ነገሮች ተሰቅለዋል፤ እነሱን ወደ ጎን ገፋ አደረግሁና ቆርቆሮዬን አስቀመጥኩ። አገሩ ለቅቤ ይኼን ያህል ማሰቡ ደስ አለኝ።

«እማዬ! እማዬ!» የሚል ጩኸት ሰምቼ ምጥ መጣ ብዬ ባዶ እግሬን ሮጥኩ። ሰላም የሳጥኑን በር ይዛ ቆማለች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነዋ!»

«እማዬ፣ የሙቀት መለኪያ ቤት ነው! የአገሩን ሙቀት የምለካበት ነው!»

«እና የቅቤውን ሙቀት ብትለኪ ምን አለበት? እሱም አገር ውስጥ ነው ያለው።»

ማርቆስ ወደ ጓሮ ዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አንዱ መለኪያ ላይ የጣቴ ቅባት ነበረበትና ልጄ በጥጥ ስትወለውል አምሽታለች። አለቆቿ ጋ ደውላ ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ «ቅቤ» የሚል ቃል ግን ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ እንድትጠብቀኝ ይሁን እንድታስተምረኝ፣ ወደ አጥሩ ስትገባ ይዛኝ መግባት ጀመረች። ጠዋት ሰማዩ ባዶ ነው። ረፋዱ ላይ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ነጫጭ ክምሮች ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ከላይ ኩፍ ያሉ፣ ከታች በቢላ የተቆረጡ የሚመስሉ። «ኩሙለስ» አለችኝ። ለምን ከሥር ጠፍጣፋ እንደሆኑ ጠየቅኋት፤ ለጨዋታ ነው እንጂ ግድ ኖሮኝ አይደለም።

«እማዬ፣ እኛ ቤት ጠዋት በብርድ ስትተነፍሺ ከአፍሽ ጭስ አይወጣም?»

«ይወጣል።»

«እሱ ደመና ነው። ትንፋሽሽ ውስጥ ያለው እንፋሎት በርዶት ነው። እዚህ ደግሞ የሚተነፍሰው መሬቱ ነው። ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፣ መሬቱ አየሩን ያሞቃል። የሞቀ አየር ይቀላል፤ እንፋሎቱን ይዞ ይወጣል። ላይ ብርድ ነው። እንፋሎቱ የሚበርደው ከፍታ ላይ ሲደርስ ጠብታ ይሆናል። ሁሉም እዚያው ከፍታ ላይ ስለሚበርደው ነው ሥሩ ቀጥ ያለው።»

እንግዲህ ድንኳን የጣልነው ይኼን እንድትነግረኝ ነው። መሬት ይተነፍሳል። ክርክር ግን አላነሳሁም፤ ቆላው በቀትር እንዴት እንደሚተነፍስ አይቻለሁ፣ ፊቴ ላይ ነበር የሚተነፍሰው።

ለእናንተ እንዲገባችሁ በምናውቃቸው ሰዎች ልንገራችሁ። በጣም ላይ የሚታየው፣ የተባዘተ ጥጥ የመሰለው፣ ሲረስ ነው። በረዶ ነው አለችኝ። ከእግሬ ሥር እንቁላል የሚቀቅል መሬት፣ ከራሴ በላይ በረዶ! እሱ አይዘንብም፤ አምሮበት ከሩቅ መጥቶ እጁን አወናጭፎ እንደሚሄድ ዘመድ ነው። ከእሱ ዝቅ ብሎ ፈንዲሻ የፈሰሰ የሚመስልም አለ፤ ስሙ ረጅም ነው፣ ተውኩት። ሰማዩን እንደ ብርድ ልብስ የሚሸፍነው ስትራተስ ነው፤ መሬት ሲነካ ጉም ይባላል። እኛ እንግዲህ ክረምቱን ሁሉ ገበያ የምንሄደው ደመና ውስጥ ሆነን ነው፣ ሳናውቀው። ይኼ ደመና ጠባዩ የእድራችን ስብሰባ ነው፤ ይመጣል፣ ቤቱን ይሞላል፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ያካፋል እንጂ ቆርጦ አይዘንብም።

የሚፈራው አንድ ነው። ኩሙለሱ ቀትር ላይ በቃኝ ካላለ ማደግ ይጀምራል፤ ፎቅ በፎቅ ላይ ይሠራል። ስሙንም ያስረዝማል፣ ኩሙሎኒምበስ ይባላል፤ ሹመት ያገኘ ኩሙለስ በሉት። ከዚያ በላይ መውጣት ሲያቅተው ራሱ አንጥረኛ ብረት እንደሚቀጠቅጥበት መስፍ ጠፍጣፋ ይሆንና ወደ ጎን ይንሰራፋል። «ከላይ ያለው አየር ከእሱ የሞቀ ስለሆነ አያሳልፈውም» አለች። «መብረቁም፣ በረዶውም፣ ጎርፉም የእሱ ነው።» እንዲህ ያሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ስም አልጠራም።

ጤና ጣቢያውንም ሄጄ አየሁ። አዋላጁ ኢያሱ ይባላል። ጢሙ ገና ቀጠሮ ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ ቆሻሻ ፈለግሁ፣ አጣሁ፤ ይኼም አናደደኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ስንት ወልደዋል?» አለኝ።

«ሦስት። አንዱንም ስወልድ ወንድ አላየኝም።»

«ጥሩ ነው» አለ፣ ጓንቱን እያስተካከለ። «እኔም የማየው ሲያስፈልግ ብቻ ነው።»

ተቆጥቼ ወጣሁ። ልጄን «ዱቦ እንሄዳለን» አልኳት። «እማዬ፣ የሚያስፈራው መንገዱ እንጂ ኢያሱ አይደለም» አለች። ተከራከርን። እሷ ተምራለች፣ መልስ አላት፤ እኔ ያለኝ እንባ ነው። የእህቴን ነገር አነሳሁባት። «እሺ፣ አንቺ ደስ ይበልሽ» አለች። ማርቆስም ያንን ፒክ አፕ ለጠዋት ቀጠረ። የእሷን የሰማይ ሥራ እሱ እየተመላለሰ ሊይዝላት፣ ከዚያ ተተኪ ሊመጣ ተስማሙ። አሸነፍኩ። እግዚአብሔር የሰውን ድል ሲያይ እንዴት እንደሚስቅ የታወቀ ነው።

መኪናው ለጠዋት ተቀጥሮ ከቀትር በኋላ መጣ። ሹፌሩ ሌላ ሰው ቤሌ አድርሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ እያፏጨ ወረደ። ሰላም ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከረፋድ ጀምሮ ይቆርጣት ነበር፣ አልነገረችኝም። «ገና ነው፣ የመጀመሪያ ነው፣ ይቆያል» አለች። ኢያሱ እየሮጠ መጥቶ «አትሂዱ፣ እዚሁ ብትሆን ይሻላል» አለ። እኔ ወይ ፍንክች። ከኋላ ወንበር እሷና እኔ፣ ከፊት ማርቆስና ሹፌሩ ሆነን ወጣን።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ምጡ ጠንክሮ ነበር። ልጄ ጭኔ ላይ ራሷን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እጄን ትሰብራለች። ካወቅኋት ጀምሮ ቀን ላይ ዓይኗን ከሰማይ ነቅላ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። አሸዋው እንደ በፊቱ ደረቅ። ፍየሎቹ አሉ። ከራሳችን በላይ ሰማዩ እንደ አዲስ ሳህን ሰማያዊ። ሹፌሩ ማርሽ ቀይሮ ወደ አሸዋው ዞረ።

እኔ ከፍርሃቴ የተነሳ የማይበትን አጥቼ በመስኮት ወደ ደጋው አየሁ። በተራራው ላይ አንድ ነገር ቆሟል። ነጭ ግንብ፤ አናቱ ተጨፍልቆ ወደ ጎን ተንሰራፍቷል።

«ቁም!» አልኩ።

«ምን ሆኑ እማማ?» አለ ሹፌሩ።

«ቁም ብያለሁ! ሰላም፣ ስሚኝ ልጄ፤ ያ መስፍ ያለው የትኛው ነበር?»

ዓይኗን አልገለጠችም። «ራሱ ጠፍጣፋ ነው?»

«ጠፍጣፋ ነው።»

«ሥሩስ?»

«እንደ ድስት ቂጥ ጥቁር።»

«የት ላይ ነው?»

«ደጋው ላይ። ማርቆስ ያሳየኝ ቦታ።»

ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። «ወንዙ የሚመጣው ከዚያ ነው» አለች፤ ሌላ ምጥ መጣና ቃሏን ወሰደው።

ሹፌሩ ራሱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ላይ አየ። «ሰማዩ ንጹህ ነው እኮ! በአንድ ትንፋሽ እንሻገራለን። ወዲያ ከደረስን ቤሌ ምን አላት?»

ማርቆስ ወደ እኔ ዞረ። ያ ሁልጊዜ የሚያጎነብስ ልጅ ፊቱ አመድ መስሎ «እማዬ፣ አንቺ በይ» አለኝ። ደጋውን እሱም አይቶታል፤ ግን ጉዞው የእኔ ነበር፣ ያለቀስኩትም እኔ ነኝ። ወዲያ ማዶ ትልቁ ሆስፒታል አለ። ወዲህ ጢም የሌለው ልጅ አለ። እህቴ ትዝ አለችኝ፤ እሷን የገደላት ሐኪም ቤት ማጣት ነው እያልኩ ነው ያረጀሁት። ያን ጊዜ ግን ቅሉን ይዤ የቆምኩበት ታየኝ፤ እህቴ የቀረችው መንገድ ላይ ነው። መንገድ ላይ።

«መልሰው» አልኩ።

«የት?»

«ወደዚያ ጎረምሳ!»

ኢያሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እንደምንመለስ ያውቅ ይመስል ውሃ አፍልቷል፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ታጥቧል። «ነግሬዎት ነበር» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ቢወጣ ደስ ይለኝ ነበር፣ የምመልሰው አዘጋጅቻለሁ። ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እማማ፣ እባክዎ ከመስኮቱ ይነሱ፣ ብርሃን ከለከሉኝ።» ተነሳሁ። እሱም ሲያስፈልግ ብቻ አየ፤ እንዳለውም አደረገ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እኔን የምትመስል፣ ከመጣች ጀምሮ በሁሉ ነገር የምትቆጣ። እልል አልኩ። ከዚያ ኢያሱን ግንባሩን ሳምኩት። ስለ ጓንቱ አጣጣል ግን አንድ ነገር ተናገርኩ፤ እንዲያው ልጁ እንዳይኮራ ብዬ ነው።

ማርቆስ ለዘመድ ሊደውል ኔትዎርክ ወዳለበት ጉብታ ሮጧል። ሰላም አልጋዋ ላይ ሆና ሕፃኗን አቅፋ ድንገት ቀና አለች። «እማዬ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ እኮ! ሰማዩን ማን ያየዋል?»

አሁን የወለደች ሴት!

ወጣሁና አጥሩ ውስጥ ቆምኩ። ሰማዩን እንደ ድፎ ዳቦ ስምንት ቦታ ቆረስኩት። ያ ግንብ ፈርሷል። ሥሩ የለም፣ ጥቁሩ የለም፤ አናቱ ብቻ ቀርቶ በሰማዩ ላይ ተባዝቷል፣ ፀሐይ ከታች መትታው ቀልቷል። ገብቼ «ከስምንት አራት ነው» አልኳት።

«ዓይነቱስ?»

«ሰውዬው ሞቷል። ጥጥ ሆኗል።»

«ሲረስ» አለችና ስልኳን አነሳች። ዝናብ መለኪያውንም አይቼላታለሁ፤ ባዶ ነበር። መንደሩ ላይ ጠብ አላለም።

በማግስቱ ከማርቆስ ጋር ወንዙ ድረስ ሄድን። ውሃው ወርዷል፤ አሸዋው ግን ሌላ አሸዋ ነው። መኪናው ቆሞ ሹፌሩ ራሱን ያወጣበት ቦታ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ዋርካ ተጋድሟል፤ ቅርንጫፉ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የፕላስቲክ ወንበር ተሰቅሏል። ሹፌሩም መጥቶ ኖሮ ከዋርካው አጠገብ ቆሞ አገኘነው። አላፏጨም። «እማማ» አለኝ። እኔ አሸዋው ላይ ተቀምጬ ነበር።

የአራስ ገንፎዬን ላገነፋ ውሃ ስጥድ የመንደሩ ሴቶች የቡላ ገንፎ በቅቤ አስዋኝተው ደረሱ። የእኔ ዱቄት ከደብረ ብርሃን ድረስ ተሸክሜው የመጣ ነው፤ ተቀየምኩ። ተቀይሜም ሁለቴ አስጨመርኩ። ቅቤዬን ሲቀምሱ ግን ተያይተው ዝም አሉ፤ ያ ዝምታ ምን እንደሆነ እኔም ቤቴ እንግዳ ወጥ ይዞ ሲመጣ የማውቀው ነው። ዶርቃ ከሶዶ መጥታ ሕፃኗን አቅፋ «እንዴት ያምራል፣ እንዴት ያምራል!» አለች። ስመለስም እንደገና አልጋዋን ለቀቀችልኝ። አሁን ቦርሳዬን አልፈተሽኩም። በምትኩ ቦርሳዬ ውስጥ ሳላውቀው አንድ ብልቃጥ ዳጣ ከትታልኝ ኖሮ፣ ቤቴ ስከፍተው መላው ልብሴ አስነጠሰኝ። ቅመሱ ብዬ ለምጠራችሁ፣ ጎመን አይደለም፤ አስጠንቅቄያለሁ።

ከተመለስኩ ወዲህ እንደምታዩት ክረምቱ ገብቷል። ዛሬ ጠዋት በሬን ስከፍት አጥሬም አልታየኝም፤ ስትራተሱ ግቢዬ ድረስ ገብቶ ተቀምጧል፣ አጀንዳም ያለው አይመስልም። ስልኩ ጮኸ።

«እንዴት አደርሽ እማዬ?»

«ከስምንት ስምንት» አልኳት።

ከኋላዋ ልጅቷ በሙሉ ጉልበቷ ትጮሃለች። ሰላም ስልኩን ወደሷ አስጠጋችልኝ መሰለኝ፤ ጩኸቱ አለቀና ትንፋሽ ብቻ ይሰማኝ ጀመር፣ ቶሎ ቶሎ የሚል፣ ትንሽ። እኔም ብርዱ ላይ ቆሜ ተነፈስኩ። ከአፌ ነጭ ነገር ወጥቶ ጉሙ ውስጥ ገባ። ነፋሱ ወዴት እንደወሰደው አላየሁም፤ ለዚያ ደመወዝ አይከፈለኝም።